ስምንት እግር ያለው ደንበኛ

መርካቶ ጫማ ልግዛ ብሎ የወጣ ሰው ከእግሩ በፊት ጆሮው ይደክማል። ገና አንዋር መስጊድንና ራጉኤልን አልፋችሁ ወደ ውስጥ ስትዘልቁ «ወንድሜ ቁጥር ስንት?»፣ «እህት ግቢ፣ ማየት በነጻ ነው!» ይጀመራል። እጅ የሚጎትትም አይጠፋም። ሱቆቹ ትከሻ ለትከሻ ናቸው፤ የተደረደረው ጫማ ያው አንድ ዓይነት፣ ዋጋው ደግሞ እንደ ፊታችሁ! ታዲያ አንዱ ሱቅ በሰው ሲጨናነቅ ጎረቤቱ ለምን ዝንብ እሽ ሲል ይውላል?

ይህን ለማየት ሸራ ተራ ደጋግሜ ተመላልሻለሁ። ሸራ ተራ መቼም ጫማ የሚሸጥበት ብቻ አይደለም። ቆዳው፣ ሶሉ፣ ማስቲሹ ሁሉ እዚያው ይገኛል።

እዚያ አንድ ጎልማሳ ነጋዴ አለ። ሱቁ ከቁም ሳጥን ብዙም አትሰፋም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሰሞን አንዲት እናት ለልጃቸው ጫማ ሊገዙ መጡ። ብሩን መሀረብ ውስጥ ቋጥረውታል። የመረጡት የሚያብረቀርቀውን ነው። ሰውየው በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አሳያቸው።

«እትዬ፣ ይሄ ቆዳ አይደለም። ልጅ ኳስ ይመታበታል፣ ለገና አይደርስልዎትም።»

«ታዲያ ለምን ትሸጠዋለህ?»

«ለአንድ ቀን ሰርግ የሚፈልገው አለ!» ብሎ ሳቀና ከኋላ በክር የተሰፋ አወጣላቸው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ብራቸው አልሞላም። «የጎደለውን ሲመለሱ ያመጡልኛል» ብሎ ስማቸውን እንኳ ሳይጽፍ ሸኛቸው።

ካልተመለሱስ? ብዬ ጠየቅኩት።

«ካልተመለሱ ትርፌ ቀረ። ከተመለሱ ግን አራት ልጆች አሏቸው፤ ስምንት እግር!»

ደግነት ነው ሒሳብ? እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ነው። እትዬ በሳምንቱ ጎደሎውን ይዘው መጡ፤ ጎረቤታቸውንም አስከትለው።

የሸራ ተራ ሰዎች ይህን ጥበብ በችግር ነው የተማሩት። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ርካሹ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙ ጫማ ሰሪ ሥራ ፈትቶ ነበር። በዋጋ መፎካከር የማይታሰብ ሆነ። የተረፉት ስፌታቸውንና ፋሽናቸውን አሻሽለው ነው። «ከተላቀቀ አምጣው» የሚባለውም ቀላል ነገር አይደለም። የኔ ሰውዬ ሶሉ ለተላቀቀበት ደንበኛ ማስቲሽ ቀብቶ፣ አሰፍቶ ሳንቲም አይቀበልም። ጠበበኝ ላለው ፎርማ አስገብቶ ያሳድርለታል።

በአንጻሩ ጣታችሁ ጫፉን እየነካ «ችግር የለም፣ ሲለበስ ይሰፋል» የሚላችሁን ፍሩት! ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ይለቃል እንጂ ወደ ፊት አይረዝምም። ደግሞ ጫማ የሚለካው ወደ ማታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የቆመ እግር አበጥ ስለሚል ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ያሰቃያል።

አሁን አሁንማ ሱቁ ቴሌግራም ላይ ሆኗል። ፎቶ ይለጠፋል፣ «ቁጥራችሁን ላኩ፣ ያላችሁበት እናደርሳለን» ይባላል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ክፍያውም በስልክ ያልቃል። ፎቶ ግን በአውራ ጣት ጫን ተደርጎ አይታይ! እዚህ ላይ ታኮ ጫማ የምትሸጥ አንዲት ወጣት አደነቅኩ። 37 ለምታዝዝ ደንበኛ 37ንም 38ንም ትልካለች። ደንበኛዋ በሯ ላይ ለክታ የሆናትን ታስቀራለች፣ ሌላውን መልእክተኛው ይመልሳል። «የመመለሻውን ሒሳብ እኔ ነኝ የምችለው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የዚያችን ልጅ ቁጥር ማን ያጠፋል?

እና ወደ መርካቶ ከወጣችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት «ቢላቀቅስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሳይሆን ፊቱን እዩ። የሱቁን ቁጥርና የነጋዴውን ስልክም ያዙ፤ መርካቶ ውስጥ ያንኑ በር ሁለተኛ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።