የእንቁጣጣሽ ሥዕል

በጳጉሜን ዝናብ ከደጅ የታገዱ ወንዶች ልጆች አደይ አበባን፥ ፀሐይንና ክንፋቸውን የዘረጉ መላእክትን በወረቀት ላይ እየሣሉ፥ መስከረም 1 ቀን ማለዳ በየጎረቤቱ ዞረው ሲያበረክቱ፥ ስሙኒም ሆነ ቁራሽ ድፎ ዳቦ ሲቀበሉ ያላየ ማን አለ? ይህን ሁሉ ያለ መምህር የሚፈጽሙት እጆች፥ ትምህርት ቤት ተከፍቶ የሥዕል ክፍለ ጊዜ በደረሰ ጊዜ፥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሣለውን አንድ ማሰሮ ሁሉም አንድ ዓይነት አድርገው እንዲገለብጡ መታዘዛቸው ከቶ አይዋጥልኝም።

መምህሩ ቢፈቅድ፥ ከሰል ደቁሶ፥ ቀይ አፈር ነፍቶ፥ በሙጫ ውሃ በጥብጦ ቀለም ማውጣት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ የልጆቹ ልብስ መቆሸሽ የእናቶች ጉዳይ ነው፥ እነርሱም ተቆጥተው ይቅር ይላሉ። ከዚያም የጥንት ሠዓልያን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃንን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፥ ርኩሳን መናፍስትንና ከሓድያንን ግን በአንድ ዓይን፥ በጎን መሣል ልማዳቸው እንደ ነበረ ለልጆቹ ይንገራቸው። የሦስተኛ ክፍል ሕፃን ይህን ሥርዓት በሰማበት ቀን አስቀድሞ የሚሥለው፥ እንደምገምተው፥ እርሳሱን የነጠቀውን ባልንጀራውን ነው፤ ያውም በአንድ ዓይን።