ሴንሰሩ ብቻውን ካሜራ አይሆንም

ትልቅ ሴንሰር ያላት የኪስ ካሜራ ለመግዛት የሚያስቡ ወዳጆች በውስጥ መስመር ሲጽፉልኝ፣ አብዛኞቹ የሚጠይቁት የሴንሰሩን መጠን ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ ሌንሱ ምን ያህል ብርሃን ያስገባል የሚለው ነው። ይህን ሳይጠይቁ ብዙ ገንዘብ የሚያወጡ ስላሉ ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ካኖን በ2017 ያወጣት ጂ1 ኤክስ ማርክ 3 የኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር አላት፤ በዚያ ላይ ከ24 እስከ 72 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዙም። የሶኒዋ አርኤክስ100 ማርክ 5 ባለ1 ኢንች ሴንሰር ናት። የካኖኗ ሴንሰር በስፋት የሶኒዋን 3 እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በወረቀት ላይ ውድድሩ ያለቀ ይመስላል። ዙሙ እስከ መጨረሻ ሲሳብ ግን የካኖኗ ሌንስ ኤፍ 5.6 ይደርሳል፣ የሶኒዋ ኤፍ 2.8 ላይ ይቆያል (ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል)። ልዩነቱ 2 ስቶፕ ነው፤ በእኩል ስፋት ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሶኒዋ 4 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 4 እጥፉ 3 እጥፉን ስለሚበልጥ፣ በዚያ ርቀት ትንሹ ሴንሰር በድምሩ ከትልቁ የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል። ትልቅ ሴንሰር ትልቅ መስታወት ይፈልጋል፤ ካሜራዋ ኪስ እንድትገባ ከተፈለገ አምራቹ አንድ ነገር መተው አለበት።

ሪኮ የተወው ዙሙን ነው። በ2019 የወጣችው ጂአር 3 አንድ የማይነቀልና ዙም የሌለው ሌንስ አላት፦ 28 ሚሊ ሜትር የሚያህል እይታ፣ ኤፍ 2.8። ሴንሰሯ ባለ24 ሜጋፒክስል ኤፒኤስ-ሲ ነው፤ ክብደቷ ከነባትሪዋና ከነካርዷ 257 ግራም። ተመሳሳይ መጠን ያለው ሴንሰር የያዘችው ኒኮን ዲ5600 ያለ ሌንስ 465 ግራም ትመዝናለች። ሌንሱ ለዚያ ሴንሰር ብቻ ስለተሠራ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ጥርት ያለ ነው። ለእኔ ይህ ከሁሉም የተሻለው ምርጫ ነው።

የሴንሰሩ ጥቅም የት እንደሚታይ ልንገራችሁ። የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ላይ፣ ቀትር ላይ፣ ነጭ ለብሶ የቆመውን ሕዝብ አስቡት። ነጠላው ፀሐይ ላይ ነው፤ ከነጠላው ሥር ያለው ጠይም ፊት ጥላ ውስጥ ነው። ካሜራው ነጩን አይቶ ሥዕሉን ያጨልማል፣ ፊቱ ይጠፋል። ለፊቱ ብላችሁ ካበራችሁት ደግሞ የጥጡ ፈትልና ጥለቱ ይነጣል፤ አንዴ የነጣ ነገር በኋላ አይመለስም። ስለዚህ ለነጠላው ለክታችሁ በሮው፣ ማለትም ባልተሠራ ጥሬ ፋይል፣ ታነሳላችሁ፣ ቤት ገብታችሁ ፊቱን ታበሩታላችሁ። ትንሽ ሴንሰር ላይ የሚወጣው ፊት በኖይዝ የተበላ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ይሆናል። ኤፒኤስ-ሲ ላይ ቆዳው ቆዳ ሆኖ ይወጣል። ካሜራ ስመርጥ ከጡብ ግድግዳና ከሠንጠረዥ ፎቶ ይልቅ የማምነው ይህንን ፈተና ነው።

ሌላው በጂአር 3 የምወደው ስናፕ ፎከስ የሚሉት ነው። ርቀቱን 2.5 ሜትር ላይ፣ ሌንሱን ኤፍ 8 ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ከ1 ሜትር ትንሽ አለፍ ካለው ጀምሮ እስከ ሩቁ ድረስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥርት ይላል። ፎከስ እስኪይዝ መጠበቅ የለም። መንገድ ላይ ለሚያነሳ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላውቅም።

ጉድለቷን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ባትሪው በአምራቹ መለኪያ 200 ፎቶ ያህል ነው፤ ሁለተኛ ባትሪ ሳይገዙ መውጣት አይታሰብም። ዓይን አስጠግተው የሚያዩበት ማያ የላትም፣ ፀሐይ ላይ ስክሪኑን ማንበብ ያስቸግራል። ፍላሽም የላትም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ከአቧራና ከውሃ የሚከላከል ነገር ያልተደረገላት መሆኗ ነው። በበጋ አቧራ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ሌንሱ በገባና በወጣ ቁጥር አቧራ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ሴንሰሩን ለማጽዳት ደግሞ ሌንሱን እንደ ኒኮን ዲ5600 ነቅሎ ማየት አይቻልም። ያለ መያዣ ኪስ ውስጥ አትክተቷት።

ትልቅ ካሜራ ይዞ መርካቶ የገባ ሰው «ከየትኛው ጣቢያ ነህ?» መባሉ አይቀርም። ትንሿን የያዘ ይህ አያጋጥመውም። ያ ነፃነት ግን ሰውን ሳያውቅ ለማንሳት ፈቃድ አይሰጥም። በ28 ሚሊ ሜትር የሰው ፊት ለማንሳት አጠገቡ መድረስ ግድ ነው፤ እዚያ ከደረሳችሁ ሰላም በሉ፣ ጠይቁ።

ከመግዛታችሁ በፊት በነፃ የምትሞክሩት ነገር አለ። 18-55 ሌንስ ያለው ካሜራ ካላችሁ ወይም መዋስ ከቻላችሁ፣ ዙሙን 18 ላይ አድርጋችሁ በፕላስተር አስሩትና ለጥቂት ሳምንታት እሱን ብቻ ተጠቀሙ። የጂአር 3 እይታ ይኸው ነው። ፎቶዎቻችሁን ስታዩ ሁልጊዜ ዳርዳሩን የምትቆርጡ ከሆነ ፕላስተሩን ፈትታችሁ 26 አካባቢ እሰሩት። ያኛው በ2021 የወጣችው የጂአር 3ኤክስ እይታ ነው፣ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ። በሁለቱም ዙሙ ከናፈቃችሁ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ባለ1 ኢንቿ ትበቃችኋለች።