ሀንጋር ውስጥ ወፍ እንዳያድር

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ ነው። ጠዋት ከቤት ስወጣ በቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል አሞራና ጭልፊት ሲያንዣብቡ አያለሁ። ሥራዬ የአውሮፕላን ጥገና ስለሆነ ያንን ሰማይ እንደ ሌላው ሰው ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር የደረሰውን አደጋ በሙያችን ያለን ሰዎች አንረሳውም። ወደ አስመራ ሊበር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከመሬት እንደለቀቀ ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ርግቦቹ ወደ ሞተሮቹ ገቡ። አብራሪዎቹ ተመልሰው ለማረፍ ሲታገሉ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ ተቃጠለ። ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35ቱ ሞቱ። ርግቦቹ ከሩቅ አገር የመጡ አልነበሩም፤ ክንፋቸው ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ የዓይናቸው ዙሪያ የቀላ፣ በየጣሪያችን የምናያቸው ናቸው። ማኮብኮቢያውን የሚጠብቅ ሌላ ባለሙያ አለ። እኔን የሚመለከተኝ አውሮፕላን የሚጠገንበት ሀንጋር ነው፤ ሀንጋር ጣሪያ ላይ የተፈለፈለ ርግብ ግን ነገ የሚበረው እዚያው ማኮብኮቢያ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት የተማርኩት፣ ወፉን ከማባረሬ በፊት ምን ፈልጎ እንደመጣ መመርመርን ነው። ጥንብ ካለበት አሞራ አይጠፋም። ሀንጋር ውስጥ የምሳ ፍርፋሪ፣ ክዳን የሌለው የቆሻሻ በርሜል፣ ወለል ላይ የተኛ ውሃ ካለ ወፉም አይጡም ይመጣሉ። ምሳ ከሀንጋር ውጭ ይበላ፤ በርሜሉ ይከደን፤ ማታም ይደፋ። ይህ ብር አይጠይቅም፤ ከመረብም ከወጥመድም በላይ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሚገቡበት ቀዳዳ ነው። የቆርቆሮው ጥርስ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ክፍተት ከታች ሲያዩት ምንም አይመስልም። መሰላል ወጥተው ሲያዩት ግን ጠርዙ በኩስ ነጥቷል። ለርግብ 5 ሳንቲሜትር ቀዳዳ ያለው መረብ ይበቃል፤ ለድንቢጥ ግን ከ2 ሳንቲሜትር በታች የሆነ ወንፊት ሽቦ ያስፈልጋል። ወፍ የሚያርፍባቸውን የጣሪያ ብረቶች ከሥራቸው በተወጠረ መረብ መሸፈን ደግሞ ዘላቂው መፍትሔ ነው። ከመዝጋት በፊት ጎጆ መኖሩን ማየት ግድ ነው። ጫጩት ካለ እስኪበር እጠብቃለሁ፤ ነፍስ ያለውን ፍጥረት ዘግቶ በረሃብ መግደል ነውር ነው፣ በድኑም ዝንብና ሽታ ያመጣል።

ለቀናት ሳይበር የቆመ አውሮፕላን ላይ የማየው ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ድንቢጥ ሞተር ውስጥ ለመግባት አትሰንፍም። የሞተር ክዳን ስከፍት ደረቅ ሣር፣ ከማዳበሪያ ጆንያ የተመዘዘ ክር፣ የፌስታል ቁራጭና የዶሮ ላባ ተጎንጉኖ አግኝቻለሁ። ሞተሩ ቢነሣና ቢግል ያ ሁሉ እሳት ለመቀበል የተዘጋጀ ጭድ ነው። ስለዚህ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ መክደኛው ይገባል፤ ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠልበታል፤ ከበረራ በፊትም ተቆጥሮ ይወጣል። የአየር ፍጥነት የሚለካበት ፒቶት ቱቦም እንዲሁ ይሸፈናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተነሣ ቦይንግ 757 ተከስክሶ የተሳፈሩት 189 ሰዎች በሙሉ ሲያልቁ፣ መርማሪዎች የጠረጠሩት ሳይሸፈን በሰነበተ ፒቶት ቱቦ ውስጥ ተርብ የሠራውን የጭቃ ጎጆ ነው። ነፍሳት ናቸው ብሎ መናቅ አይገባም።

የማይሠራውንም ልናገር። የፕላስቲክ ጉጉት፣ በክር የተንጠለጠለ አሮጌ ሲዲ፣ የጭልፊት ድምፅ የሚያሰማ ስፒከር ለጥቂት ቀናት ያስደነግጣሉ። ከዚያ ርግቧ ጉጉቱ ራስ ላይ ታርፋለች። መርዝ ደግሞ ጨርሶ አልወድም። የተመረዘ ወፍ የሚወድቀው የት እንደሆነ አይታወቅም፤ የሚያነሣው ጭልፊትም አብሮ ይሞታል። የተመረዘ አይጥም ሄዶ የሚሞተው አውሮፕላኑ ወለል ሥር ሊሆን ይችላል፤ እሱን ለማውጣት ወለል መፍታት ነው። አይጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ስለሚቆረጥም ቸል አይባልም፤ በግድግዳ ጥግ የሚቀመጥና በየጠዋቱ የሚታይ ወጥመድ ይሻላል።

ኩስ በደረቁ አይጠረግም። አቧራው ሳንባ ያሳምማል። ውሃ ይረጭበታል፣ ጭምብልና ጓንት ይደረጋል። የአውሮፕላን ክንፍ ላይ ያረፈው ቀለምና ብረት ስለሚበላ በዕለቱ ይታጠባል።

ስለ በር ብዙ ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። «ልጄ፣ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ በሩን ክፍት አትተዉብኝ፤ ማደሪያ ፈልገው የሚገቡት ያኔ ነው» አሉኝ። «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ይሁን» አልኳቸው። ወፍ ውስጥ ከቀረ ደግሞ አያሯሩጡትም፤ መብራቱን አጥፍተው ወደ ብርሃን ያለውን በር ብቻ ይከፍታሉ፣ ወፉም ራሱ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ ስለ ወፍ ስንሰበሰብ ጥበቃዎቹና የጽዳት ሠራተኞቹ አብረውን እንዲቀመጡ አደርጋለሁ፤ አዲስ ጎጆ ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ቀራንዮ ውስጥ የእህልና የዱቄት መጋዘን ያላቸው ጎረቤቶቼም ስለ ርግብ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ የፈሰሰውን እህል ጥረጉ፣ ቀጥሎ መሰላል አምጡና ጣሪያውን አብረን እንየው።