መንጠቆ ይዘን ወደ ሐሮማያ

ከድሬዳዋ የመጣን ነን ስንል የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቻችን አስቀድመው የሚያነሡብን ሙቀቱን ነው፤ ቀጥሎ ጫቱን፤ ቀጥሎ አንቱታ አለማወቃችንን። ስለ ዓሣ የጠየቀን ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም፤ ባይጠይቀንም አንፈርድበትም። ደቻቱ እንደ ሆነ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ውሃ የሚወርድበት ደጋው ሲዘንብ ብቻ ነው፤ ሲወርድም፥ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ሆነው፥ ሰውና ቤት ይዞ ይሄዳል እንጂ ዓሣ አያመጣም።

ይህን የምንጽፈው ሦስት የከዚራ ልጆች ነን፤ ያደግነውም በአንድ ግቢ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ዓሣ አጥማጅ ነበር ብንል የሚያምነን ይኖር ይሆን? አባባ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ለወጉ ያህል አንቱ እንላቸዋለን እንጂ በግቢያችን አባባ «አንተ» ናቸው።) ከአልጋቸው ራስጌ ግድግዳው ላይ የቀርከሃ ዘንግ ተጋድሞ ይኖራል፤ ከሥሩ አንድ የትምባሆ ቆርቆሮ አለ፤ በቆርቆሮው ውስጥ ደግሞ በሥራ ዘመናቸው ከብስክሌት ራጂ እያሾሉ የሠሯቸው መንጠቆዎች አሉ። ልጆች ሳለን ቆርቆሮውን መንካት ክልክል ነበር። ነክተን የተመታንበትንም ቀን አንረሳውም።

እሑድ እሑድ ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር በጭነት መኪና ደንገጎን ወጥተው ሐሮማያ፥ በዚያን ጊዜ አጠራር አለማያ፥ ይወርዱ እንደ ነበር ያጫውቱናል። ማታ በእርጥብ ጆንያ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ሲመለሱ ግቢው በሙሉ ዘይት ይጥዳል። ይኸ ሁሉ ለእኛ ተረት ነበር። ሐይቁ ጭራሹን በደረቀበት በ1996 ዓ.ም. ገደማ እኛ ወይ በእናቶቻችን ጀርባ ነበርን፥ ወይ ገና አልተወለድንም። አባባ በዚያ ዘመን አንድ ጊዜ ወጥተው ከብት በሐይቁ መካከል ሲሄድ አይተው ተመለሱ፤ ዘንጉንም ያን ቀን ሰቀሉት።

ስለ አደራረቁ ብዙ ተብሏል። ሐሮማያ መውጫ የሌለው ሐይቅ ስለ ሆነ በዙሪያው ካለው ከተራቈተው ኮረብታ የሚወርደው አፈር ሁሉ እዚያው ይቀራል። በ1970ዎቹ ስምንት ሜትር ያህል ጥልቀት የነበረው ውሃ እንዲህ ከሥሩ በደለል ሲሞላ፥ ከላዩ ደግሞ የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሳብበት ነበር፤ የጫቱና የአትክልቱ ፓምፕም ሌት ተቀን ይጠጣዋል። ሐይቁ ሲያልቅ ሐረር በጄሪካን ቀረች። በኋላም በ2000ዎቹ ውሃው ከእኛ ቆላ፥ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች፥ ሽቅብ እየተገፋ ይላክላት ጀመር። ደጋ ከበረሃ ውሃ ሲለምን ያየ ትውልድ ነን ማለት ነው!

ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ሐይቁ ተመልሷል የሚለው ወሬ ከዚራ ቢደርስም አባባ አላመኑም። በዘንድሮው የዕረፍት ጊዜ ሦስታችን አንድ ላይ ሆነን ለመንናቸው። «ኩሬ ነው የሚሆነው» አሉ። በሦስተኛው ቀን ግን ማለዳ ቆርቆሮውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው።

መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከዚራ በሸሚዝ የተነሣ ሰው ደንገጎ ላይ መስኮት ዝጉ ይላል። አዴሌን አልፈን ውሃው ሲታይ አባባ ምንም አልተናገሩም፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት።

ሊጡን በመንጠቆው ላይ ጠቅልለው፥ ቡሹን ወርውረው ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ሄደ፤ ሁለት ሰዓት ሄደ። «ልጅ ይዛ ይሆናል» አሉ። ሴቲቱ ቆሮሶ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል ስለ ሆነች፥ በዚያ ወራት አትበላም፤ መንጠቆም አትነክስም። ለአጥማጅ ከዚህ የተሻለ ማመካኛ ከየት ይገኛል?

ይህን ሁሉ ጊዜ ከጎናችን አንድ ፓምፕ ይጮኽ ነበር። ባለ ፓምፑ እኩያችን ነው። እኛም ዩኒቨርሲቲ የገባን ነንና ዝም ማለት አልሆነልንም፤ በኦሮምኛ፥ «ይህን ሐይቅ ያደረቀው እንዲህ ያለው ፓምፕ መሆኑን ታውቃለህ?» አልነው።

«እኔ ስወለድ ሐይቅ የለም» አለን። «አባቴ ያሳደገኝ የደረቀውን መሬት አርሶ ነው።» ከዚያም በጣቱ ወደ ውሃው መካከል አመለከተ፤ «እርሻችን እዚያ ሥር ነው። ውሃው ሲመለስ የእናንተ ሰዎች ፎቶግራፍ ሊነሡ መጡ። እኛን የት ሄዳችሁ ያለን የለም።»

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም። ከአፋችን የወጣው ቃል አሳፈረን፤ ደግሞም፥ ሳንደብቅ እንናገር፥ ከምሳ በኋላ ከዚራ ጥላ ሥር የምንቅመው ጫት ሲያድግ ውሃ የጠጣው ከየት ኖሯል?

አባባ ከቡሹ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፥ «ምን ተክለሃል?» አሉት።

«ድንች።»

«እኔ እዚህ የምመጣው ለመዝናናት ነበር» አሉ። «ሲደርቅ የቀረብኝ እሑዴ ነው። እራቴን አላጣሁም።»

ነዳጁ አልቆ ኖሮ ፓምፑ ጸጥ አለ። ልጁ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠና ቡሹን ያይ ጀመር፤ ዓሣ አጥምዶ እንደማያውቅ ነገረን። አባባም ዘንጉን ሰጡት። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አንድም ዓሣ አልነከሰም። ልንነሣ ስንል እኛ እንዳንነካው ከተመታንበት ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት መንጠቆ አውጥተው በእጁ አኖሩለት። እሱም ሮጦ ሄዶ በፌስታል ድንች ይዞልን መጣ፤ ገንዘብ ብንሰጠው አልቀበልም አለ።

ማታ ግቢ ስንደርስ እናቶቻችን ምጣዱን ጥደው፥ ዘይቱን አግለው ጠበቁን።

«ዓሣውስ?»

«ውሃው አለ» አሉ አባባ፥ ፌስታሉንም አቀበሏቸው። ዘይቱ ግሎ ነበርና ድንቹ ተጠበሰበት።