ለአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው

አዲስ ስልክ ገዝቶ ከካርቶኑ ያወጣ ሰው ገና አንድ ጥሪ ሳያደርግበት የጥያቄ መዓት ይወርድበታል። ቋንቋህ ምንድን ነው? አገርህስ? ስምህ ማነው? መቼ ተወለድህ? ብዙው ሰው ይህን ሁሉ እንደ ኬላ ፍተሻ ቶሎ ቶሎ መልሶ ያልፈዋል። ለስደተኛ ግን ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱም እንኳ ቀላል አይደለም።

ስለ ቋንቋው ብዙ ማማረር አይገባንም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ አንዱ ኮምፒዩተር ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ አማርኛን ከዝርዝሩ መርጦ በገዛ ፊደሉ መጻፍ የሚቻልበት ስልክ ብዙ ነው። ሆኖም ቃሉ አማርኛ ቢሆንም ጥያቄውን ያዘጋጀው ሰው አስተሳሰብ የሌላ አገር ነው። ይህን በደንብ የተረዳሁት ከልጃቸው ዘንድ ለመኖር ከደሴ ወደ አሜሪካ ለመጡት አክስቴ ስልክ ሳዘጋጅ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ስም ሆነ። ስልኩ የራስንና የቤተሰብን ስም ለየብቻ ይጠይቃል።

«ቤተሰቤማ ብዙ ነው፤ የማንን ልስጠው?» አሉኝ።

የአባታቸውን ስም በመታወቂያቸው ላይ እንደ ሰፈረው ሆሄ በሆሄ አስገባን። በሆስፒታል መዝገብ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አንዱ በሽተኛ ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። የልደት ቀናቸውም እንዲሁ ነው፤ በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል እንደ ወሩ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት ቀን መጻፍ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የመድኃኒት ማስታወሻ ደወል መጣ። የመድኃኒቱ ወረቀት ጧት 8 ሰዓት ይላል። ይህ ለአክስቴ ሁለት ሰዓት ነው፤ ስምንት ሰዓት ብለው የነገሯቸው እንደ ሆነ የሚገባቸው ከምሳ በኋላ ነው። የስድስት ሰዓት መዛነፍ ለአንዳንዱ መድኃኒት ብዙ ነው። ስለዚህ በደወሉ ላይ ቁጥሩን ብቻ አልተውሁም፤ «ከቁርስ በኋላ የሚወሰድ የደም ግፊት ኪኒን» ብዬ በአማርኛ ጻፍሁበት።

ከሁሉ የከበደው የመጨረሻው ገጽ ነበር። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2014፣ አንድሮይድ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የአደጋ ጊዜ የጤና መረጃ የሚመዘገብበት ገጽ አላቸው። ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ስልኩ ተቆልፎ እንኳ የአምቡላንስ ሠራተኛ ያለ ምስጢር ቁጥር ሊያነበው ይችላል። አክስቴ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይወስዳሉ። እንዲህ ያለ ሰው ወድቆ ራሱን ቢመታ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ማወቁ ምርመራውንም ሕክምናውንም ይለውጠዋል።

«በሽታዬን ለአላፊ አግዳሚ ልዘርግፈው?» ብለው ተቆጡ።

«እትዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው ያሳደጉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኋቸው። ሳቁና ፈቀዱ። ይህን ገጽ ግን በእንግሊዝኛ ሞላሁት፤ አንባቢው የዚህ አገር ሰው ነውና።

ከዚያ ስልኩ በአደጋ ጊዜ የሚጠራውን ሰው ጠየቀ። አክስቴ ለአፍታም ሳያመነቱ ደሴ ያለውን ታናሽ ወንድማቸውን ጠሩ። «የእኔ ሰው እሱ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ሐኪምነቴና የእኅት ልጅነቴ ተጋጩ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የምንደውለው ስለ በሽተኛው የምንጠይቀው ስላለን ነው። ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ምን ይጠላባቸዋል? ራሳቸው መናገር ባይችሉ ማን ይወስንላቸዋል? የሚመልስልን ሰው እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊደርስ የሚችል መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ገለጽሁላቸው፤ አልተቀበሉኝም። በመጨረሻ፣ የሚደውለው እኔ ወይም ልጃቸው ሳንሆን የማይታወቅ ፈረንጅ እንደሚሆን ስነግራቸው ዝም አሉ።

«እንዲያማ ከሆነ ሰርዘው» አሉኝ ቆይተው። «ወንድሜ መርዶዬን ከማያውቀው ሰው በማያውቀው ቋንቋ አይሰማም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ማልዶ ሄዶ ነው።»

በወንድማቸው ፋንታ የልጃቸውን ስም፣ ከእሷም ቀጥሎ ፎቅ ላይ የምትኖረውን ኤርትራዊት ጎረቤታቸውን አስገባን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ብሂል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን መርሮኝ አያውቅም። በአገራችን ሰው መንገድ ላይ ቢወድቅ «የማን ልጅ ነው?» ይባላል፣ ከተሰበሰበው ሕዝብም የሚያውቀው አይጠፋም። እዚህ ግን ያን ጥያቄ የሚመልሰው ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ነው፤ የሚመልሰውም እኛ አስቀድመን የነገርነውን ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ወላጅ ወይም አዛውንት ዘመድ ካለህ ያን ገጽ አብረኸው ሙላ፤ መድኃኒቱ ሲለወጥም አድሰው። በአደጋ ጊዜ የሚጠራውን ሰው ስትጽፍ ግን ሌላ ጥያቄም ጠይቀው፦ ክፉ ወሬ ቢመጣ ማን ለማን፣ እንዴት እንዲነግር ይፈልጋል? ለዚህኛው መልስ ስልኩ የሰጠው ቦታ የለም። በወረቀት ጽፈህ ከቤተሰቡ ጋር የምትይዘው አንተ ነህ።