ማዕረግ ከማን እጅ?

ማዕረግን ማን ይሰጣል፣ ተቀባዩስ ለማን ያድራል የሚለው ጥያቄ ለሐዲያ ምድር እንግዳ አይደለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐዲያ ገዥ «ገራድ» ይባል ነበር። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት የነበረችው፣ በኋላም በቤተ መንግሥት ምክር ስሟ የገነነው ንግሥት እሌኒ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበረች። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው የመሐመድ ልጅ ገራድ ማሒኮ ግብር አላስገባም ባለ ጊዜ ንጉሡ የማሒኮን አጎት ባሞን በስፍራው ሾመ። ማዕረጉ ያው ገራድነት ነው። ባሞ ግን ገራድ የተባለው ግብሩ እንዳይጓደል ነበርና ስለ ግብሩ ክብደት አፉን ሞልቶ ይናገራል ብሎ ከእሱ የሚጠብቅ አልነበረም።

ከዚህ የተለየ የማዕረግ መንገድም በዚያው ምድር ነበረ። መቶ ከብት የቆጠረ የሐዲያ አባወራ በሥርዓት ይከበር ነበር። ከብቱን የሚያየው ጎረቤት ነው፤ ያልሞላውን መቶ ሞላ ማለት የማይቻለውም ስለዚህ ነው። ሀብትን ማክበር መልካም ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ምስክሩ ግን ከሰጪው ወገን አልነበረም።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የከምባታ ዎማዎች መንግሥትና የሐዲያ ግዛቶች በዐፄ ምኒልክ ሥር ሲውሉ ከማእከል የመጣው አስተዳደር ፊታውራሪ፣ ግራዝማች፣ ባላምባራስ የሚሉትን ስሞች ይዞ መጣ። የአገሩ ባላባት ማዕረግ ተቀበለ፣ ካባ ደረበ፣ ግብር ሰበሰበ። ከመካከላቸው ለወገኑ የተቆረቆረ አልነበረም ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን ገባሩ አቤቱታውን ይዞ በመጣ ጊዜ ባላባቱ ባለጉዳዩን ከመስማቱ በፊት ካባውን ማሰቡ አይቀርም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የዚህ ሥርዓት መሠረት ተናደ።

ዛሬ ማዕረግ የሚያድለው ነጋዴው ሆኗል። ዘፋኙ፣ ተዋናዩ፣ ሯጩ የታሸገ ውኃ፣ የባንክ ወይም የሪል እስቴት «ብራንድ አምባሳደር» ተብሎ በካሜራ ፊት ይፈርማል፤ ጭብጨባው ይከተላል፤ በማግስቱ ስሙ ከነማዕረጉ ይጠራል። ሆሳዕናም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናትና ከዚህ ልማድ ውጭ ትሆናለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። አምባሳደር አገር የሚልከው ሰው ነው። የሳሙና አምባሳደር ከየት ወዴት እንደ ተላከ ግን የሚያስረዳ አልተገኘም።

ነገሩ በኪነ ጥበብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምርቶቹን በሚገባ ለሚያውቁና ለሌሎች ለሚያስተምሩ ባለሙያዎች የክብር ማዕረግ ይሰጣል። ባለማዕረጎቹ ተቀጣሪዎቹ አይደሉም፤ ደመወዝም አይቆረጥላቸውም። ብዙዎቹ ዕውቀታቸው የተመሰከረላቸው ናቸው። ሆኖም ማዕረጉ በየጊዜው የሚታደስ ነው፤ ጥያቄው ያለውም እዚህ ላይ ነው። የኩባንያውን ጉድለት ሊጽፍ ብዕር ያነሣ ሰው የመታደሻው ወቅት ሲቃረብ ማንም ሳያዝዘው ቃሉን ሊያለዝብ ይችላል። በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች ንግድ ደንብን ሲያጸድቅ አምራቾች ለጤና ሠራተኞች ማባበያ እንዳይሰጡ የከለከለው ይህን የሰው ጠባይ ስለሚያውቅ ነው። ሐኪሙ ይዋሻል ተብሎ አይደለም፤ እናት ምክሩን ስትሰማ የማን ምክር እንደ ሆነ እንዳትጠራጠር ነው።

ፈረንሳዊው ዣን ፖል ሳርትር በ1964 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት አልቀበልም ሲል ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ በስሙ ብቻ መፈረምና በተሸላሚነቱ መፈረም አንድ አይደለም የሚል ነበር። እርግጥ ሳርትር መጽሐፉ የሚሸጥለት ሰው ነበር። በዱራሜ ወይም በሾኔ በአንድ አዳራሽ ቴአትር የሚያሳይ ወጣት የመብራቱን ኪራይ እንኳ ከመግቢያ ገንዘብ አያገኝም። ይህን ወጣት ከአምባሳደርነት ራቅ ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ መካሪው ግን ምሳውን የበላ ሰው መሆኑን አይርሳ።

እንግዲህ አንድ ተዋናይ የቤት ሻጭ ኩባንያ አምባሳደር ሆነ እንበል። ቤት ለመግዛት ገንዘቡን ከፍሎ ዓመታት ስለሚንከራተት ሰው የተጻፈ ተውኔት ይቀርብለታል። እምቢ አይልም። ጊዜ የለኝም ይላል፣ ገጸ ባሕርዩ አልተስማማኝም ይላል፣ ጉንፋን ይይዘዋል። ተውኔቱን ቢጫወተው ደግሞ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» የሚለው ስድብ ይጠብቀዋል፤ ስድቡንም የሚወረውረው ኩባንያው ብቻ ሳይሆን ውለታ አክባሪው ጎረቤቱ ጭምር ነው። በባህላችን ውለታ ትልቅ ነገር ነውና ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስረው ክብሩ ነው። ኩባንያው አንድ ቀን የገዢዎችን ገንዘብ ይዞ ቢወድቅ ሕዝቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሥራ አስኪያጁን አይደለም፤ የሚያውቀው የተዋናዩን ፊት ነው።

ስለዚህም በግልጽ የተከፈለ የማስታወቂያ ዋጋ ከማዕረግ ይሻላል። የ2004 ዓ.ም. የማስታወቂያ አዋጅ ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት በቀላሉ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። ሠላሳ ሰኮንድ ተናግሮ ዋጋውን የተቀበለ ተዋናይ ሥራውን ሸጧል፤ ተመልካቹም ያንን ያውቃል። ማስታወቂያው ወደ ስም ሲገባ ግን ሰውዬው ለቅሶ ቤት ሲገባም፣ በትምህርት ቤት በዓል ላይ ልጆችን ሲመክርም ተለጥፎበት ይሄዳል። ውሉ ቢያበቃ እንኳ ሕዝቡ በዚያው ስም መጥራቱን አይተውም።

የባህል ቢሮዎችና ማኅበራትም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ስፖንሰር ለመሳብ ሲሉ በስብሰባ ሁሉ የምስክር ወረቀት ያድላሉ፣ ለለጋሹ የክብር ስም ያወጣሉ፣ የተሸላሚውን ሥራ የመረመረው ማን እንደ ሆነ ግን አይገልጹም። ቢያንስ ከእነርሱ መጀመር ይቻላል፦ በሐዲያ ያሆዴና በከምባታ መሳላ መድረክ ላይ አስተዋዋቂው ዘፋኙን እናትና አባቱ ባወጡለት ስም ይጥራው፤ የስፖንሰሩም ስም በወረቀቱ ግርጌ፣ ከከፈለው ገንዘብ ልክ ጋር ይጻፍ።