በቀለም የሚበራ ምሽት፦ ወደ ብሎኮቹ አገር የቤተሰብ ጉዞ

ጉዞ ሲባል ሻንጣ፣ ነዳጅና የሆቴል አልጋ ማስያዝ ወደ ሐሳብዎ ይመጣል። በዚህ ወር የምንጋብዝዎ ጉዞ ግን ከሳሎንዎ ሳይወጡ የሚደረግ ነው። መዳረሻው ልጆችዎ በየቀኑ ደርሰው የሚመለሱበት፣ እርስዎ ግን «ዝጋውና ራት ብላ!» ሲሉ በጨረፍታ ብቻ ያዩት አገር ነው፦ ማይንክራፍት።

አገሩ ትንሽ አይደለም። በስዊድን ስቶክሆልም በሚገኘው ሞያንግ የተሠራው ይህ ጨዋታ ሙሉ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ማይክሮሶፍት በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል፤ እስከ 2023 ድረስ ደግሞ ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ምድሩ፣ ተራራው፣ ወንዙ ሁሉ በእያንዳንዱ ጎኑ አንድ ሜትር ከሆነ ብሎክ የተሠራ ነው፤ ብሎኬት ተደርድሮ የተገነባ ዓለም እንደማለት ነው። ከመሃሉ ተነስተው በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄዱ ዳርቻውን የሚያገኙት 30 ሚሊዮን ብሎክ ገደማ ከተጓዙ በኋላ ነው። ቀንና ሌሊቱ ተደምሮ 20 ደቂቃ ስለሆነ ምሽቱ ቶሎ ይመጣል። የዛሬው ጉዟችንም ምሽቱን ለማየት ነው።

የአገሩ የብርሃን ሕግ

በማይንክራፍት ብርሃን በቁጥር ይለካል፤ ከ0 እስከ 15። የቀን ፀሐይ 15 ነው። ችቦ 14 ሲሆን፣ ከችቦው አንድ ብሎክ በራቁ ቁጥር ብርሃኑ በአንድ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ 0 ይሆናል። ዞምቢና ክሪፐርን የመሳሰሉት ጭራቆች የሚወለዱት በጨለማ ነው። ልጆችዎ መጀመሪያ የሠሩትን ቤት ቢያዩ ግድግዳው ሁሉ በችቦ ተሞልቶ ያገኙታል። ምክንያቱ ጌጥ ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ ጨለማ ያለበት ጥግ ጭራቅ ያለበት ጥግ ነውና።

ይህ ሕግ አንድ ነገር ይጎድለዋል፦ ቀለም። «ሶል ቶርች» የሚባለው ችቦ ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ግን ከተራው ችቦ የተለየ ቀለም የለውም። ቀይ የሚነድደው የእሳተ ገሞራ ቅላጭም አጠገቡ ያለውን ድንጋይ አያቀላውም። ከ2013 ጀምሮ በ16 ቀለም የሚገኘው መስታወትም ብርሃን ያሳልፋል እንጂ ቀለሙን አያሳልፍም። በገና ዋዜማ ሳሎንዎ ውስጥ የሚሰቅሏቸው ትንንሽ አምፖሎች መጋረጃውንና የልጆችዎን ፊት ቀይና አረንጓዴ ሲያደርጉ አስተውለው ይሆናል። እዚህ አገር ያ የለም።

ለምን? ጨዋታው ለእያንዳንዱ ብሎክ የሚይዘው ሁለት የብርሃን ቁጥር ብቻ ስለሆነ ነው፤ አንዱ ከሰማይ ለሚመጣው፣ አንዱ ከችቦና ከመሳሰለው ለሚመጣው። ቀለም እንዲኖር ግን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየብቻ መቆጠር አለባቸው። ይህን ተጨማሪ ሥራ የሚሠሩት «ሞድ» የሚባሉት ናቸው፤ ተጫዋቾች ራሳቸው ጽፈው ብዙ ጊዜ በነጻ የሚያድሏቸው ተጨማሪ ፕሮግራሞች። የብርሃንን መልክ የሚቀይሩት ደግሞ «ሼደር» ይባላሉ። ሼደሩ በተጫዋቹ ዙሪያ ያሉትን ብሎኮች በኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ ውስጥ እየቆጠረ ቀለሙ ከብሎክ ወደ ብሎክ እንዲፈስ ያደርጋል።

የጉዞው ስንቅ

ለዚህ ጉዞ የሚሆነው በኮምፒውተር የሚሠራው የጃቫ እትም ነው፤ በስልክና በጌም ማጫወቻ ያለው ሌላ እትም ስለሆነ እነዚህን ሞዶች አይቀበልም። በመጀመሪያ ሞዶችን የሚጭነው «ፋብሪክ»፣ ቀጥሎ ሼደር የሚያስነሳው «አይሪስ» ያስፈልጋል፤ አይሪስ ጨዋታውን ከሚያፈጥነው «ሶዲየም» ጋር አብሮ ይሠራል። ሦስቱም ከጨዋታው እትም ቁጥር ጋር መስማማት አለባቸው። ከዚያ «ኮምፕሊመንተሪ»ን የመሰለ ባለ ቀለም ብርሃን ሼደር አውርደው የሼደር ፎልደሩ ውስጥ ያስቀምጡታል። ከጨዋታው የቪዲዮ ማስተካከያ ሼደሩን ይመርጡና ባለ ቀለም ብርሃን የሚለውን ያበሩታል። ብርሃኑ የሚደርስበትን ርቀት በትንሹ ይጀምሩ። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ሊሞቅና ሊንቀራፈፍ ይችላል።

ሁለት ነገር ሳያደርጉ አይነሱ። አንደኛ፣ ልጅዎ ወራት የፈጀበት ዓለም ያለበትን ፎልደር ሌላ ቦታ ይቅዱለት። ሼደር ብቻውን የተገነባውን አይነካም፤ ሲያጠፉት ሁሉም እንደነበረው ይመለሳል። ሌሎች ሞዶች ግን እንደዚያ ላይሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ማውረዱን ለልጅዎ ብቻ አይተዉለት። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 «ፍራክቸራይዘር» የተባለ አደገኛ ፕሮግራም በታወቀ የሞድ ድረ ገጽ ላይ በነበሩ አንዳንድ ሞዶች ውስጥ ተደብቆ ተገኝቷል። ስለዚህ ከታወቀ ምንጭ ብቻ ያውርዱ፤ ብዙ ሰው የተጠቀመበትንና ቆየት ያለውን ይምረጡ፤ የባንክ ሥራዎን የሚሠሩበትን ኮምፒውተር ደግሞ ለዚህ አይስጡ።

አራት ማረፊያዎች

ለእንግዳ የሚመቸው «ክሬቲቭ» የሚባለው የአጨዋወት ዓይነት ነው፤ መብረር ይችላሉ፣ ጭራቅም አይነካዎትም። መሪው ልጅዎ ይሁን።

የመጀመሪያው ማረፊያ ለምለሙ ዋሻ ነው። ምድር ላይ የአዛሊያ ዛፍ ካዩ ከሥሩ ዋሻው እንዳለ ይወቁ። ከጣሪያው በሚንጠለጠለው ሐረግ ላይ የሚያበሩ የዱር ፍሬዎች አሉ። ሼደሩ ከመብራቱ በፊት ቦታው ብሩህ ብቻ ነው። ሲበራ ግን ፍሬዎቹ ወርቃማ ብርሃናቸውን ሣሩ ላይ ይረጫሉ፤ ጥላው አረንጓዴ፣ ብርሃኑ ማር ይሆናል።

ሁለተኛው ኔዘር ነው፣ የእሳት አገር። የሚገቡበት በር በጥቁር ድንጋይ የታጠረ ሐምራዊ መጋረጃ ነው፤ ባለ ቀለም ብርሃን ሲኖር በሩ የቆመበትን ክፍል በሙሉ ሐምራዊ ያደርገዋል። በኔዘር አንድ ብሎክ መራመድ ላይኛው ዓለም ላይ ስምንት ብሎክ እንደመሄድ ነው። እዚያ ሰማያዊ አረንጓዴ የሆነውን ደን ይፈልጉ። ዛፎቹ ላይ የሚያበራው እንጉዳይ መሰል ብሎክ የብርቱካን ቀለሙን በቀዝቃዛው ቅጠል ላይ ሲያፈስ፣ ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትን ቦታ ቆመው ይዩ። አሳማ የሚመስሉት ፒግሊኖች ሰማያዊውን ችቦ እንደሚሸሹም ልጅዎ ሳይነግርዎ አያልፍም።

ሦስተኛው ጥልቅ ባሕር ውስጥ ያለው ቤተ መንግሥት ነው። የባሕር ፋኖሶቹ ነጣ ያለ ሰማያዊ ብርሃን በውኃው ውስጥ ሲበተን ለደቂቃዎች ማየት በቂ ነው።

ረዘም ብለው መቆየት ያለብዎት በአራተኛው ነው። ከምድር በታች እጅግ ጥልቅ ቦታ፣ የፈረሰች ጥንታዊ ከተማ አለች። ነዋሪ የላትም። የሚጠብቃት «ዋርደን» የተባለ ግዙፍ ፍጡር ዓይን የለውም፤ የሚያድነው በንዝረትና በማሽተት ነው። አጎንብሶ የሚራመድ ሰው ንዝረት አያሰማም፤ መሬት ላይ የተነጠፈ ሱፍም የእርምጃን ድምፅ ይውጣል። ከተማዋን የሚያበሩት ሰማያዊ ፋኖሶች ብርሃናቸው 10 ብቻ ስለሆነ ሩቅ አይደርስም። ባለ ቀለም ብርሃን ሲበራ ከጨለማው መካከል እዚህም እዚያም ሰማያዊ ክበብ ብቻ ይታያል፤ በክበቦቹ መካከል ያለው መንገድ ጥቁር ነው። በእውነተኛው የጨዋታ ዓይነት እዚህ የሚደርሱ ልጆች ከስክሪኑ ፊት ተቀምጠው በሹክሹክታ ያወራሉ። አብረዋቸው ሲሆኑ እርስዎም ሳያውቁት ድምፅዎን ዝቅ ያደርጋሉ።

ከፍርሃት ወደ ምርጫ

ወደ ልጅዎ ቤት ሲመለሱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «እዚህ ምን ዓይነት ብርሃን ቢሆን ደስ ይልሃል?» ከእ.ኤ.አ. 2021 ማሻሻያ ወዲህ አብዛኞቹ ጭራቆች በላይኛው ዓለም የሚወለዱት የችቦውና የመሰሉት ብርሃን 0 በሆነበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዛዛው ሰማያዊ ችቦ ወይም 7 ብቻ የሚያበራው ቀዩ የሬድስቶን ችቦ፣ በትንሹ ጠጋ ጠጋ ብሎ ከተተከለ፣ ቤት ይጠብቃል። በአንድ ዓይነት ችቦ የታጨቀው ግድግዳ ቀስ በቀስ ወደ ታሰበበት ቤት ይለወጣል፤ ለመኝታ ክፍል አንድ ቀለም፣ ለመጻሕፍት ቤት ሌላ።

እዚህ ላይ ልጅዎ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሼደሩ የሚቀይረው ለዓይን የሚታየውን እንጂ የአገሩን ሕግ አይደለም። ጭራቆቹ አሁንም የሚቆጥሩት የድሮውን ቁጥር ነው። ሐምራዊ ወገግታ ያረፈበት ጥግ በእርግጥ 0 ሊሆን ይችላል። ኤፍ 3 የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ የቆሙበት ቦታ ቁጥር ይታያል፤ የሚያምረውን ማየትና እውነቱን መለካት ሁለት ሥራ መሆናቸውን ልጆች እዚህ በቀላሉ ይማራሉ።

ባለ ቀለም መስታወት መሥራት ከጀመሩ ደግሞ ከቤት የሚያስወጣ ምክንያት አገኙ። አዲስ አበባ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስኮቶች 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናሉ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 የተመሠረተው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ነው። መግባት ካልተመቸዎ የመስኮቶቹን ፎቶግራፍ አብረው ይዩ። የቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ባለ ቀለም መስኮቶች አሉት። ፀሐይ በመስታወቱ አልፋ ወለሉ ላይ የምትጥለውን ቀለም ልጅዎ ካየ በኋላ፣ ማታ በብሎክ ለመሥራት ሲሞክር ይከታተሉት። በኮምፕሊመንተሪ መስታወቱ የሚያሳልፈው የፋኖስ ብርሃን ቀለም ይይዛል። ቀዩን ከሰማያዊው ጎን ሲያደርግ መካከሉ ምን እንደሚሆን ራሱ ይደርስበታል።

ለጉዞው ሰዓት ይወስኑለት፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት ይበቃል። መዳፊቱን አይቀሙት፤ የጠፋብዎትን መንገድ እሱ ያሳይዎ። ዛሬ «ና እማዬ፣ ቤቴን እይ» የሚል ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሩን ዘግቶ ብቻውን መጫወት ይመርጥ ይሆናል። አሁን ግን እየጠራዎ ነው፤ ራቱ አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ግድ የለም።